ለረመጥና ለዶፍ ዋስ የቆሙት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል፣ ሚኒባሱ ጠባሴ አደባባይ ደረሰና ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ድምፅ ማጉያ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ጠላት ታይቷል። በአርባ ሰከንድ ውስጥ እንድትወርዱ በአክብሮት እንጠይቃለን» አለ።

ማንም አልደነገጠም። ሰዉ ዘንቢሉን እያነሣ፣ የተኛውን ጎረቤቱን በክርኑ እየነካ ወረደ። አምና አንድ የብሎኬት ነጋዴ እንቅልፍ ጥሎት ሳይወርድ ቀርቶ፣ ሚኒባሱ ደረት ውስጥ ታጥፎ ፍልሚያውን በጎኑ እንደተኛ ጨርሶታል። አንዳች አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ግን ባዶ ወንበር እያለም ቆሞ ነው የሚሄደው።

ወይዘሮ ሶልያናን ባሏ ጋሽ ባሮክ ደግፎ አወረዳት። የምትታጠፈውን ወንበር ዘርግቶ መንገድ ዳር አስቀመጣት። እግሮቿ አብጠዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ኩላሊቷን ትታጠባለች። ተራዋ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ካለፈ ማሽኑ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

ሚኒባሱ ተነሥቶ በሁለት እግሩ ቆመ። ጎማዎቹ ትከሻው ላይ ወጡ፣ በሩ ጋሻ ሆነ፣ የፊት መብራቶቹ ተጠጋግተው ዓይን ሆኑ። ረመጥ ነው። ከአደባባዩ ማዶ ለሰፈሩ ውኃ የሚያድለው ቦቴም ተነሣ፤ ታንከሩን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ቱቦውን እንደ ጅራፍ እያወዛወዘ ዶፍ ሆነ። ሁለቱም ከባለ አንድ ፎቁ ፋርማሲ ይበልጣሉ። ሌሎቹ መኪኖች ቆመው ጡሩምባ ነፉ፤ እነሱም ፍልሚያውን በመጽሔት የሚያወጣው አሳታሚ ንብረት ናቸው፣ ሥራቸው ማጀብ ነው።

ከተማው አውቶቡስ መግዛት አቁሞ መጓጓዣውንና ውኃ ማደሉን ለአሳታሚው ከተወ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። «ረመጥና ዶፍ» የተባለው የሥዕል መጽሔት በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል፤ አሻንጉሊቶቹ ደግሞ በየቀኑ ይሸጣሉ። ሰዉ መጽሔቱን ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው። «ገጽ ሰባት ላይ ጀርባዬ ወጥቷል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ።

«ዶፍዬ! በእግርህ ምታው እንጂ ውኃውን አትጨርስብን!» ብላ ጮኸች አንዲት ጀሪካን ያሰለፈች ሴት።

ዶፍ አልሰማትም። የሰፈሩን የሦስት ቀን ውኃ ረመጥ ፊት ላይ ለቀቀው። ፍልሚያው አሥራ አንድ ደቂቃ፣ መታጠፉ ሰባት፣ መንገድ ማድረቁ ስድስት፣ ተሳፋሪ መጫኑ አምስት ወሰደ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ማሽኑ ጋ፣ የሶልያና ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

«ዓርብ ይምጡ፣ እማማ» አለቻት ነርሷ፣ እግሮቿን አየት አድርጋ። «ግን ዓርብን እንዳያሳልፉት።»

በዚያው ሳምንት የወጣው መጽሔት ጀርባ ላይ ማስታወቂያ ነበረው። ቁጥር አምስት መቶ፣ «ታላቁ ፍልሚያ»፤ ከሰኔ 2071 ሁለተኛው ማክሰኞ ጀምሮ ለሰባት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ። መድረኩ ከጠባሴ አደባባይ እስከ ሆስፒታሉ በር፤ መንገዱ በሙሉ ይታጠራል። ጋሽ ባሮክ ማስታወቂያውን ለሐኪሙ አሳየው። ሐኪሙ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ሰባት ቀን አትቆይም» አለ።

ጋሽ ባሮክ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ነው። በጩኸት መሃል ማዳመጥ ያውቅበታል። እድሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ ፊት ለፊታቸው የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል፣ ሰዎቹ ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው ይታረቃሉ። ከሐኪሙ ቤት በቀጥታ የሄደው የእድሩ ዳኛ ወደ ሆነው ወደ ጋሽ ያፌት ነው። ጋሽ ያፌት ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆን፣ ሁለቱ አርባ ዓመት በጓደኝነት ኖረዋል። ዳማውን ዘርግቶ እየጠበቀው ነበር።

«ያፌት፣ እነዚያን ሁለቱን ማስታረቅ አለብን።»

«የትኞቹን? እነ ኬብሮንን? እነሱ እኮ ተፋቱ።»

«ረመጥና ዶፍን።»

ጋሽ ያፌት ጥርሱን የሚጎረጉርበትን ስንጥር ከአፉ አወጣ። «የሶልያና በሽታ አንተ ጭንቅላት ላይ ወጣ እንዴ?»

«ጠበኞች ናቸው፣ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«የሰፈሩ ነዋሪ ናቸው፣ አይደሉም?»

«መኪና ናቸው!»

«ቀበሌው መታወቂያ ሰጥቷቸዋል። ያንተን ገና አላደሰልህም።»

ጋሽ ያፌት ነጠላውን አነሣ። ሦስተኛ ሽማግሌ ፍለጋ ወጡ፤ የጠየቁት ሰው ሁሉ የዚያን ቀን ሥራ አለበት። ሁለት ሆነው ቀሩ።

እሑድ እሑድ ተዋጊዎቹ አያድሉም፣ አይጭኑም፣ አይዋጉም። በአሮጌው ዱቄት ፋብሪካ ግቢ፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ አጥር ሥር ቆመው ኃይል ይሞላሉ። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሄዱ። ጋሽ ያፌት የሚኒባሱን በር አንኳኳ።

«ቤቶች!»

«እኔ ረመጥ ነኝ!» አለ ሚኒባሱ፣ መስኮቶቹ እስኪንቀጠቀጡ። «የእሳት ልጅ! የዶፍን አንገት ሳልቆርጥ ጎማዬ አይተነፍስም!»

«ቀስ ልጄ፣ ማንም አልነካህም» አለ ጋሽ ባሮክ፤ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «ምን አድርጎህ ነው?»

ረመጥ ጀመረ። ቁጥር አሥራ አራት ላይ ክንዱን ገንጥሎታል። ቁጥር ሰማንያ ስምንት ላይ ከድልድይ ወርውሮታል። ቁጥር ሁለት መቶ ሦስት ላይ በጨረቃ ላይ ጥሎት ሄዷል፤ አሥራ አንድ እትም ሙሉ ብቻውን ነበር።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ጋሽ ባሮክ።

ጋሽ ያፌት በሁለተኛው ሰዓት ላይ አንቀላፋ። ሦስት እሑድ እንዲሁ ሆነ፤ ጠዋት ረመጥን፣ ከሰዓት ዶፍን። በመሃሉ ሶልያና የእጥበት ተራዋን አንዱን እያሳለፈች አንዱን እየደረሰች ቆየች። በመጀመሪያው እሑድ ድምፃቸው ሌላ ሰፈር ይሰማ ነበር። በሁለተኛው አጥሩን አላለፈም። በሦስተኛው ጋሽ ባሮክ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው ማስጠጋት ነበረበት። ያኔ ጠየቀ።

«መጀመሪያ ግን ምን አደረገህ? ከሁሉ በፊት?»

ማራገቢያው ብቻ ይሰማል።

«ቁጥር አንድ የሚጀምረው እየተደባደብን ነው» አለ በመጨረሻ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ገጽ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ዶፍን ጠየቀው። ዶፍም፣ «ሽፋኑ ላይ ቡጢዬ አየር ላይ ነው። ማን እንዳነሣው አላውቅም፣ አባቴ» አለ።

ጋሽ ባሮክ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ በእግሩ ነው የሄደው።

አራተኛው እሑድ የዕርቅ ቀን ሆነ፤ ታላቁ ፍልሚያ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ሊስቅ መጣ። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱም በድለዋልና ሁለቱም እንዲሸከሙ ተፈረደ። ክርክሩ በድንጋዩ ላይ ሆነ። ሦስት ጎረምሶች ያንከባለሉትን ጥቁር ድንጋይ ረመጥ በአንድ ጣቱ አነሣው።

«ይሄ ለሱ ጠጠር ነው» አለ ጋሽ ያፌት። «አስተዛዛቢ ነው፤ ሌላ አምጡ።»

የመንገድ መከፋፈያውን ኮንክሪት አመጡ። ዶፍ አንገቱ ላይ አስቀመጠውና፣ «አባቴ፣ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብሎ ጠየቀ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ ባሮክ ጎንበስ ብሎ ከጉድባው አፍ ባቄላ የምታክል ጠጠር አነሣ። «ይቺን ተሸከሙ» አለ። «ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ። ከወደቀች ከመጀመሪያው።»

ረመጥ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጣላት። ዶፍ ሁለተኛው ላይ። እነሱ የሚያውቁት መሬት እያንቀጠቀጡ መራመድ ብቻ ነው፤ ጠጠሯ ደግሞ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትወድቃለች። ረመጥ አሥራ አራት ጊዜ፣ ዶፍ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁለቱም ሳይጥሏት እስከ ባሕር ዛፉ ተራመዱ። ዘጠኝ ሜትር ቁመት ያለው ብረት፣ አንገቱን ሰብሮ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው ኮቴውን እያሰበ ሲሄድ ማንም አልሳቀም። አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች አንድ ሁለቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ በኋላ ግን አቧራ ነው አሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» አለ ጋሽ ባሮክ።

ጋሽ ያፌት ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ይሄ ለነሱ ይባላል? ቄሱን ሳንጠይቅ?»

«እኛስ ስንለው ከልባችን የምንለው ስንቴ ነው? ተዋቸው ይበሉ።»

አሉት። ቀስ ብለው።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። እድሩ የታተመ የዕርቅ ቅጽ አለው፤ ዕርቅ ደግሞ ያለ ዋስ አይጸናም። ጋሽ ያፌት፣ «ዋስ ጥሩ!» ብሎ ሲያዝ ሁለቱ ተዋጊዎች ተያዩ። አባት የላቸው፣ አጎት የላቸው። ጋሽ ባሮክ፣ «ለረመጥ እኔ አለሁ» አለና ፈረመ። ጋሽ ያፌትም ከማን አንሼ ብሎ ለዶፍ ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ቅጹን እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አነበበ፤ እንደ ወትሮውም አላዳመጠውም።

ከዕርቁ ሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ሚኒባሱና ቦቴው አደባባዩ ላይ ተገናኙ። ቦቴው መብራቱን ብልጭ አደረገ። «ክቡራን ተሳፋሪዎች» አለ ድምፅ ማጉያው፣ «ወዳጅ ታይቷል። መውረድ አያስፈልግም።» ሰዉ ግን ለምዶበት ወርዶ ነበር፤ መልሶ ለመጫን ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሶልያና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወንበሯ ላይ ተኛች። ዓርብም እንዲሁ። እሑድ ቀለበቷ እጇ ላይ ላላ።

ሰኞ የአሳታሚው ተወካይ መጣች። ስሟ ወይዘሪት አስካለማርያም ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያኔ ለወጣት ሴት የሚወጣው ስም ሁሉ የቅድመ አያት ነው። እነ ጋሽ ባሮክ ቤት ገብታ፣ ከሶልያና ጎን ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ውኃ አመስግና ጠጣች።

«አባቶቼ፣ አልተቆጣንም» አለች። «ዕርቁን አይተነዋል፤ እንደውም አልቅሰናል። ተዋጊዎቹ በፈቃዳቸው ነው የገቡት፣ እንቀበላለን። የፍልሚያ ግዴታቸው ግን አለ። ማክሰኞና ዓርብ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ደቂቃ።» ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «መስመር አራት፦ ‹ታራቂው ያለበትን ግዴታ ሁሉ ባይፈጽም፣ ዋሱ በእርሱ ቦታ ሆኖ ይፈጽማል።›»

ጋሽ ያፌት ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይሄን ደግሞ ማን ቂል ነው የጻፈው?» አለ ጋሽ ያፌት።

«አንተ ነህ» አለ ጋሽ ባሮክ። «ዳኛ የሆንክ ዓመት።»

«እኛ እንደባደብ ነው የምትዪው?» አላት ጋሽ ያፌት። «እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው!»

«እናውቃለን። ተመዝኗል።»

«እምቢ ካልንስ?»

«ሁለቱንም መኪኖች እናነሣለን» አለች ወይዘሪት አስካለማርያም፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ። «ሰፈሩ በሌላ ታሪክ እስኪያዝ ሁለት ዓመት፤ ቢበዛ ሦስት።»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ሶልያና እግሮች አዩ። እሷ እግሮቿን ወደ ቀሚሷ ሥር ሰበሰበች።

«ስንት ደቂቃ ነው ያልሽው ልጄ?» አለ ጋሽ ባሮክ።

«አሥራ አንድ።»

«ዕረፍት አለው?»

«ግማሽ ላይ። ለማስታወቂያ።»

«ያ የሰባት ቀኑስ?»

«ለዕድሜያችሁ ተመጥኖ ወደ ሃያ ሁለት ደቂቃ ዝቅ ብሏል።»

«ዓርብ ጾም ነው» አለ ጋሽ ያፌት።

«ትደባደባላችሁ እንጂ ሥጋ አትበሉም እኮ፣ አባባ።»

«እኔ አልፈልግም!» አለች ሶልያና። «ሁለት ሽማግሌ ለኔ ብሎ መንገድ ላይ ጥርሱን እንዲያራግፍ አልፈልግም።»

«አንቺ ምን አገባሽ?» አላት ጋሽ ያፌት። «ባልሽ አርባ ዓመት ዳማ ሲያጭበረብረኝ ኖሯል። በሕግ የምመታበት ዕድል ሲመጣ ልትከለክዪኝ ነው?»

«ተዋጊዎቹ ግን ይለወጣሉ» አለ ጋሽ ባሮክ። «እኛ ወደ ምን እንለወጣለን?»

«አሻንጉሊት ቀራጮቻችን አስበውበታል። ከተቀመጣችሁበት ትነሣላችሁ። አነሣሣችሁን አይተው፣ በቂ ለውጥ ነው ብለዋል።»

ሶልያና ከሁሉ በፊት ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወይዘሪት አስካለማርያም ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ከፍልሚያ ውጭ ጠላቶች ናችሁ። ሰላምታ የለም። ዳማ የለም። እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ የለም። ካሜራው የትም አለ፤ አንባቢ አንዴ ካያችሁ ታሪኩ ይሞታል፣ ታሪኩ ከሞተ መኪኖቹ ይነሣሉ። ዕርቅም አይቻልም። ለእናንተ ዋስ አንቀበልም።»

ጋሽ ያፌት ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ጋሽ ባሮክን አየው። «በል እንግዲህ» አለው፤ ወጣ።

የመጀመሪያው ፍልሚያ ላይ ሁለቱም ፈሩ። አራት ደቂቃ ሙሉ ሲዞሩ ቆዩና ጋሽ ያፌት ጓደኛውን በጥፊ ነካ አደረገው። «ይሄ ጥፊ ነው ወይስ ቡራኬ?» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ከአምስተኛው በኋላ አያያዙን ቻሉበት፤ ጥፊው ድምፅ እንዲኖረው፣ አወዳደቁ ዳሌ እንዳይሰብር። «ጋሽ ያፌት፣ በምርኩዝ አይደለም!» ትላለች ጀሪካን ያሰለፈችው ሴት፤ ውኃዋ ሙሉ ስለሆነ ተረጋግታ ትፈርዳለች። መጽሔቱ እያለቀ ሦስት ጊዜ ታተመ። አሻንጉሊቱ ጀርባውን ሲጫኑት፣ «ወይ ወገቤ!» እያለ ይነሣል። በየፍልሚያው መሃል ሚኒባሱ በጎናቸው ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሶልያና በመስኮቱ አታይም፤ ዓይኗን ጨፍና ጸሎቷን ታደርሳለች። የእግሯ እብጠት ጎድሏል። ሐኪሙ በጳጉሜን ውጤቷን አይቶ፣ «እንዲህ ከቀጠልን ብዙ ዓመት አለን» አለ።

ጋሽ ባሮክ ይህን ዜና የሚነግረው ሰው አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ዳማውን ዘርግቶ በሁለቱም ወገን ራሱ ይጫወታል፤ የሚያጭበረብረው ሲያጣ ይተወዋል። እድር ላይ ጋሽ ያፌት ከፊት፣ እሱ ከኋላ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ለሁለት ተከፈለ፤ የባሮክ ካናቴራ የለበሰ ለያፌት ካናቴራ ሰላም አይልም።

በጥቅምት፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ የጋሽ ያፌት ታላቅ እህት አረፈች። እናቱን ሕፃን ሆኖ ነው ያጣት፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ድንኳኑ ተተከለ። ጋሽ ባሮክ መጣ፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ገብቶ በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠ። ጋሽ ያፌት ከፊት ብቻውን ነበር፤ አጠገቡ ያለውን ቦታ ማንም አልደፈረውም። ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ትንሽ የካሜራ ቀይ መብራት ትበራለች። ጋሽ ባሮክ ሁለት ጊዜ ለመነሣት ጉልበቱን ያዘ። ሁለት ጊዜ ተወው። ሦስት ቀን እየመጣ እንዲሁ ተቀምጦ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አደባባዩ ሞላ። ደወሉ ተደወለ። ጋሽ ያፌት ጢሙን አልተላጨም። ጋሽ ባሮክ እንደ ወትሮው አልዞረም፤ በቀጥታ ሄዶ አንገቱን በክንዱ ቆልፎ ግንባሩን ወደ ደረቱ ጎተተው። ሕዝቡ ጮኸ። ካሜራዎቹ ወደ ታች ወረዱ። ካሜራዎቹ ድምፅ አይወስዱም፤ የሚባለውን አሳታሚው ነው የሚጽፈው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው በጆሮው። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ያፌት። እዚያው ነበርኩ። ከኋላ ነበርኩ።»

«አይቼሃለሁ።» የጋሽ ያፌት ጣቶች ሸሚዙን ጀርባው ላይ ጨመደዱት። «አይቼሃለሁ እኮ። ሦስቱንም ቀን።»

«ተሠቃየች?»

«አልተሠቃየችም። እንቅልፏ ውስጥ ነው... አጥብቀህ ያዝ፣ ያዩናል።»

አጥብቆ ያዘው። ሚኒባሱ በጎናቸው አለፈ። ዕረፍቱ ተደወለ፤ አልተላቀቁም። ማስታወቂያው በላያቸው አለፈ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ተደወለ፤ የፍልሚያው ዳኛ ሁለት ጊዜ ፊሽካ ነፋ፤ በመጨረሻ አራት ሰው ነው ያላቀቃቸው። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ጥላቻ አይቶ አያውቅም ነበርና ቆሞ አጨበጨበ።

ሐሙስ በወጣው እትም ገጽ ዘጠኝን ሙሉ ይዘውታል። ከጋሽ ባሮክ አፍ የወጣው አረፋ ውስጥ «ዛሬ አለቀልህ!» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጋሽ ያፌት፣ «ገና ምኑን አይተህ!» የሚል። ሠዓሊው የሁለቱን ፊት በጥንቃቄ ነው የሠራው። ጉንጫቸው ላይ የሚወርደውን ላብ አድርጎ ቀብቶታል።